የጣት ደም

ሬሳው ሲገኝ በሩ አልተቀረቀረም ነበር። ፖሊሶቹን መጀመሪያ ያሳሳታቸውም ይኸው ነው።

የሞቱት የሆርሞን ላቦራቶሪው ኃላፊ ናቸው። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት፣ በጥንቃቄያቸው የተነሣ ሰው ሁሉ «እትዬ ሚዛን» የሚላቸው። ረቡዕ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ በናሙና ማከማቻው ክፍል ወለል ላይ፣ በጎናቸው ተጋድመው ተገኙ። መነጽራቸው ከዓይናቸው አልወረደም። ነጩ ጋዋናቸው አልተጨማደደም። እንቅልፍ የጣላቸው እንጂ ሞት የወሰዳቸው አይመስሉም ነበር።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮት የለውም። ዙሪያውን በፈሳሽ ናይትሮጅን የሚቀዘቅዙ በርሜሎች ቆመውበታል፤ በውስጣቸው የብዙ መቶ ሴቶች ደም በትንንሽ ብልቃጥ ተኝቷል። ናይትሮጅን ሽታም ቀለምም የለውም። ክፍሉን ከሞላ አየሩን ገፍቶ ያስወጣዋል፤ ሰው ምን እንደነካው ሳያውቅ ይወድቃል። አየር ሲያንስ መጮህ የነበረበት ደወል ደግሞ ከተበላሸ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። «አደጋ ነው» ብለው ጻፉ ፖሊሶቹ።

ሐሙስ ጠዋት መርማሪዋ መጣች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ አንድም ቀጭን ስለሆነች፣ አንድም የገባችበትን ሳትሰፋው ስለማትወጣ። በርሜሎቹን አላየችም፤ ወለሉንም አላየችም። ወደ ውስጥ ገብታ ፊቷን ወደ በሩ መለሰችና ቆመች። በብረቱ ላይ፣ ደረቷ ቁመት አካባቢ፣ አዳዲስ ጭረቶች ያብረቀርቁ ነበር። ትንንሽ ናቸው፤ አንድ ቦታ ላይ የተደራረቡ።

ከዚያ ወጥታ ሬሳው ወዳለበት ሄደች። የሟቿ የጋብቻ ቀለበት ጠርዙ ጎብጧል፤ የበሩ ግራጫ ቀለም ተጣብቆበታል።

«ክፍት በር ማን ያንኳኳል?» አለች አብሯት ለነበረው ፖሊስ። «እኚህ ሴት ተዘግቶባቸው ነው የሞቱት። የከፈተው ሰው የከፈተው በኋላ ነው።»

ቀርቀሪያው በውጭ በኩል ነበር። ከእሱ አንድ እርምጃ ርቆ፣ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ፣ ናይትሮጅኑን ወደ ክፍሉ የሚያስገባው ቧንቧ መክፈቻ አለ።

ዘበኛው ምሎ ተገዝቶ እንደተናገረው ረቡዕ በምሳ ሰዓት ሕንፃው ውስጥ የቀሩት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ፦ ጥናቱን የሚመራው ዶክተር፣ የላቦራቶሪ ቴክኒሻኗ፣ የመዝገብ ሠራተኛው፣ ነርሱ።

መርፌ ከቴክኒሻኗ ጀመረች። ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ዓይኗ አብጧል።

«መጀመሪያ ያገኘሻቸው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እትዬ። መሣሪያው ክፍል ምሳዬን በላሁና ስመጣ…»

«መሣሪያው ክፍል ከማከማቻው ጋር ግድግዳ ይጋራል። ምን ሰማሽ?»

«ምንም!»

መልሱ ፈጠነ። መርፌ ሰምታ እንዳልሰማች አለፈችው።

«እሺ፣ ምን አየሽ?»

«ቧንቧው ውርጭ ለብሶ ነበር። ነጭ ሆኖ። ገረመኝ፤ በርሜሎቹን የምንሞላው ዓርብ ዓርብ ነው። ቀኑ ደግሞ ረቡዕ ነበር።»

«ጎበዝ። አሁን ሂጂና ያን ቀን የተቀመጥሽበት ቦታ ተቀመጪ።»

መርፌ ወደ ማከማቻው ገባችና ፖሊሱን ከውጭ እንዲቀረቅርባት አዘዘችው። መብራቱ ይርገበገባል። በርሜሎቹ በዝግታ ያቃስታሉ፤ የሚተነፍሱ ይመስላሉ። በቤቷ ቁልፍ ጫፍ በሩን መታች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከጭረቶቹ አጠገብ ስትመታ ሌላ እጅ ከእጇ ጎን የሚመታ መሰላት፤ ሃያ ዓመት ሬሳ ያየች ሴት ናት፣ ግን ጀርባዋን ቀዘቀዛት። ሲከፈትላት በፍጥነት ነው የወጣችው።

ቴክኒሻኗ ወንበሯን ገልብጣ ግድግዳው ጥግ ቆማለች። ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ ጭናለች።

«ይኸው ነው! ይኸው ድምፅ ነው! የማቀዝቀዣው ሞተር መስሎኝ ነው እትዬ፣ ሲነሣ እንዲህ ያንኳኳል። ስድስት ተኩል አልፎ ነበር። ሬዲዮ እየሰማሁ ነበርና ረበሸኝ። ትንሽ ቆይቶ ቆመ…» እጇን ከጆሮዋ አወረደች። «ሲቆም ‹ተመስገን› አልኩ እኮ። እሳቸው ሲሞቱ ተመስገን አልኩ!»

መርፌ አቀፈቻት። የተገለበጠውን ወንበር አንሥታ አስቀመጠቻት፤ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚባለው ለካ እንዲህ ላለው ቀን ነው።

ልጅቱ ስትረጋጋ የእትዬ ሚዛንን ደብተር አመጣችላት። በመጨረሻው ገጽ አምስት ቀኖች ተጽፈዋል፤ ሁሉም በሦስት ሳምንት ውስጥ የዋሉ። ከቀኖቹ ሥር አንድ መስመር አለ፦ «የልጅቷ ቁጥር የደሟ አይደለም። የእጅ ነው።»

«የትኛዋ ልጅ?» አለች መርፌ።

ቴክኒሻኗ ነገሩን ከሥሩ አስረዳቻት። ጥናታቸው አንድሮጅን የሚባሉትን ሆርሞኖች በሴቶች ደም ውስጥ መለካት ነው፤ ዋናው ቴስቶስትሮን ነው። «ሰው የወንድ ነው ይለዋል እንጂ ሴትም አላት። ግን ከወንዱ አሥር አሥራ አምስት እጅ ያንሳል። ጥቂት ነገር መለካት ነው ጭንቁ እትዬ፤ ብዙ ነገር ላይ ጠብታ ብትጨምሪበት አይታወቅም፣ ጥቂቱ ላይ ግን ጠብታዋ ባሕር ትሆናለች።» ከእያንዳንዷ ሴት ሁለት ደም ይወሰዳል። አንዱ ከጣት ተወግቶ ወረቀት ላይ የሚንጠባጠብ፣ ወዲያው የሚለካ፤ ሌላው ከክንድ ተቀድቶ ለጥናቱ ማብቂያ የሚቀመጥ። ልጅቷ የሃያ ሁለት ዓመት ልብስ ሰፊ ናት። የወር አበባዋ ተዛብቶባት መጣች። የሴት ቁጥር ከሁለት አይዘልም፤ የእሷ የጣት ደም አሥራ ዘጠኝ አለ። የወንድ ቁጥር። ዶክተሩ በአልትራሳውንድ አንድ ጥላ አየና ዕጢ ነው አለ። ሁለቱም የእንቁላል ማመንጫዎቿ በቀዶ ሕክምና ወጡ።

«ዕጢው ተገኘ?»

ቴክኒሻኗ ራሷን ነቀነቀች። «ምንም አልተገኘም።»

ዶክተሩ ስልሳ ያለፈው፣ ከአንገቱ ቀና ያለ ሰው ነው። ያን ቀን ግን አንገቱ ቀና አላለም።

«ረቡዕ ጠዋት ከእትዬ ሚዛን ጋር ተጯጩኸዋል ይባላል።»

«እሳቸው አልጮኹም፤ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ዱሮውንም ‹በጣት ደም ብቻ ሆድ አይከፈትም፣ ይቆዩኝ፣ የክንዱን ልለካ› ብለውኝ ነበር። አልቆየሁም። ረቡዕ የክንዱን ለክተው መጡ። ያቺው ልጅ፣ ያው ቀን፣ ያው ሰዓት፤ ከጣቷ አሥራ ዘጠኝ፣ ከክንዷ አንድ ነጥብ አንድ።»

«ምን አሏቸው?»

«‹ውጡልኝ› አልኳቸው። ከሰላሳ ዓመት ባልደረባዬ ጋር የተነጋገርኩት የመጨረሻ ቃል ይኼ ነው።» ውጤቱ የታተመበትን ወረቀት ገፋላት። «ሲወጡ፣ ‹እንዲህ ቁጥራቸው የዘለለ ሌሎች አራት ልጆች አሉ፤ የክንድ ደማቸውን በምሳ ሰዓት አወጣለሁ› አሉ። በሩ ክፍት ስለነበር ኮሪደሩ በሙሉ ሰምቷል።»

መርፌ ወዲያው ቴክኒሻኗን ይዛ ማከማቻውን አስከፈተች። በርሜሉ ውስጥ የአራቱ ልጆች ብልቃጥ ቦታ ባዶ ነበር። በሬሳው እጅም፣ በወለሉም ላይ አንድ ብልቃጥ አልተገኘም። ገዳዩ ወስዷቸዋል።

በኮሪደሩ የሚንሾካሾከው ሁሉ ግን አንድ ሰው ላይ ነበር። የመዝገብ ሠራተኛው ረጅምና ቀጭን በመሆኑ «ሰረዝ» ይሉታል። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት የኮምፒዩተሩ መስመር ተበላሽቶ ቁጥሮቹን የሚመዘግበው በእጁ እየጻፈ ነበር። ደብተሩ «የእጅ ነው» ካለ ከእሱ ሌላ የማን እጅ ይሆናል?

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሆነብኝ እኮ!» አለ ሰረዝ። ከጠረጴዛው ሥር የጫማ ካርቶን ጎተተ። «ይኸው! መሣሪያው ራሱ የሚተፋው ወረቀት ነው። ማንም አስቀምጥ አላለኝም፤ እኔ መጣል አልወድም። ሚስቴም በዚህ ነው የምትጣላኝ።»

መርፌ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ከመዝገቡ ጋር አመሳከረች። የልጅቷ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ተብሎ የታተመው በመሣሪያው ነው። የአራቱም እንደዚያው። በሰረዝ ጽሑፍ ውስጥ አንዲት ነጥብ እንኳ አልተዛነፈችም።

«ስለዚህ ስህተቱ መሣሪያው ውስጥ ሲገባ አብሮ ነው የገባው» አለች። «በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ከመስመሩ ሌላ ምን ተበላሽቶ ነበር?»

«ምን ያልተበላሸ አለ! ሊፍቱ፣ የውሃው ታንከር… ጓንት እንኳ አልቆብን ነበር። ደም የሚወስዱት በባዶ እጅ ነበር የሚሠሩት፤ እየታጠቡ።»

መርፌ ከወረቀቱ ቀና አለች።

«የታዘዘው ጓንት መቼ መጣ?»

ሰረዝ መዝገቡን ገለጠ። ጓንቱ ከመጣ በኋላ አንድም የዘለለ ቁጥር አልነበረም።

ስትወጣ በር ላይ ከዘበኛው ጋር ቆመች፤ ስለ ነርሱ ጠየቀችው። ነርሱን ሰው «ጥጥ» ይለዋል፤ እጁ ቀላል ነው፣ ሲወጋ አይታወቅም።

«እንደሱ ያለ ደግ ሰው የለም» አለ ዘበኛው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይቀማምሳል መሰለኝ እንጂ። ሲገባ አልኮል አልኮል ይለኛል።»

«ነርስ አይደል? አልኮል ቢሸት ምን ይገርማል?»

«ከሥራ ሲወጣ ቢሸት እሺ፤ ሲገባ ነዋ የሚሸተው!»

ዓርብ ማለዳ መርፌ ሳትጠራ ቤቱ ሄደች። ጥጥ ሸሚዙን እየቆለፈ ከመኝታ ቤት ወጣ። ሽታው እንደተባለው ነበር፤ ዓይኑ ግን ጥርት ያለ፣ አነጋገሩ የረጋ ነው። የአራት ዓመት ሴት ልጁ «አባባ!» ብላ እየሮጠች መጣች። ሰውየው ጠመንጃ እንደተደገነበት ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ቆይ፣ ቆይ የኔ እናት! አባባ ይታጠብ መጀመሪያ!»

«ጠዋት ጠዋት እንዲህ ነው» አለች ሚስቱ እየሳቀች። «ማታ ግን ከጫንቃው አትወርድም።»

«ስለ እትዬ ሚዛን ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አለች መርፌ።

ፊቱ ተለወጠ። «እናቴ ነበሩ» አለ። «ሥራ ያስያዙኝ እሳቸው፣ ስታመም ያስታመሙኝ እሳቸው…» እንባው ዱብ ዱብ አለ። መርፌ በሥራዋ ብዙ የውሸት እንባ አይታለች። ይኼ እውነተኛ ነበር፤ ያስፈራትም እውነተኛ መሆኑ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አራቱንም አሰልፋ በንጹሕ የናሙና ወረቀት ላይ አሥር ጣታቸውን አስጫነቻቸው። «ለአሻራ ነው» አለች። ጥጥ ከመጫኑ በፊት እጁን በሳሙና ሲታጠብ አየችው፤ አልከለከለችውም። ወረቀቶቹን አሽጋ ሌላ ከተማ ወዳለ ላቦራቶሪ ላከች።

ረቡዕ በስድስት ሰዓት ሁሉም መሣሪያው ክፍል ተሰበሰቡ። መርፌ ሁለት ሰዎች ጨምራ ጠርታለች፤ ልብስ ሰፊዋን ልጅና እናቷን። ልጅቷ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። ዶክተሩ ሊያያት አልቻለም።

«እትዬ ሚዛን የሞቱት በአደጋ አይደለም» ብላ ጀመረች መርፌ። «በጋብቻ ቀለበታቸው በሩን ደብድበዋል። አንድ ሰው ቀርቅሮባቸው፣ በማይሞላበት ቀን ናይትሮጅኑን ለቀቀባቸው፤ ቧንቧው ላይ ውርጭ የታየው ለዚህ ነው። ድምፃቸው ሲጠፋ መክፈቻውን ዘጋ፣ ቀርቀሪያውን አነሣ፣ አየሩ እስኪመለስ ጠብቆ አራት ብልቃጥ ወስዶ ሄደ።»

ቴክኒሻኗ ዓይኗን ጨፈነች።

«ብልቃጦቹ ለምን ተፈለጉ? የክንዱ ደም ከተለካ የጣቱ ቁጥር ውሸት መሆኑ በአምስቱም ልጆች ይረጋገጣል። ዶክተር፣ መጀመሪያ እርስዎን ነው የጠረጠርኩት። ግን የዚች ልጅ የክንድ ውጤት ታትሞ እጅዎ ገብቷል፤ አራቱን ማጥፋት እርስዎን አያድንም። የእርስዎ ጥፋት ሌላ ነው፤ እሱን ሌላ ሸንጎ ያየዋል። አቶ ሰረዝ ደግሞ የጻፉት መሣሪያው ያለውን ነው። ስለዚህ ‹የእጅ ነው› ማለት ጽሑፍ አልነበረም። እጅ ማለት እጅ ነው። የወጋው እጅ።»

መርፌ የሰረዝን መዝገብ ገለጠች።

«በእነዚያ ሦስት ሳምንታት የጣት ደም በባዶ እጅ ነበር የሚወሰደው። ቴክኒሻኗ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ወስዳለች፤ አንድም ቁጥር አልዘለለባትም። አምስቱ የዘለሉት ማክሰኞና ሐሙስ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ የማን ተራ ነው?»

ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ነበር የሚያየው።

«ሰውነታቸው በቂ ቴስቶስትሮን የማያመነጭ ወንዶች አሉ» አለች መርፌ፤ ድምፅዋ ለሰለሰ። «የፋርማሲ ባለሙያ ጠይቄ ነው የተረዳሁት። ሐኪም የሚያዝላቸው ጄል አለ፤ ጠዋት ጠዋት ትከሻቸውን ይቀቡታል። ከአልኮል ጋር የተሠራ ስለሆነ ይሸታል። ሴትና ሕፃን እንዳይነኩት ይጠነቀቃሉ፤ ልጃቸው ስትሮጥ ብትመጣ እንኳ እጃቸውን ይሰቅላሉ። ጣት ላይ የቀረውን ሳሙና ጨርሶ አያነሣውም። በሴት ልጅ ጠብታ ደም ላይ ያ ጣት ካረፈ መሣሪያው የሚለካው የእሷን አይደለም።» አራት ወረቀት ዘረጋች። «ሰኞ የሰጣችሁኝ አሻራ ነው። ደም የለበትም። ሦስቱ ላይ እዚህ ግባ የሚባል ሆርሞን አልተገኘም። አራተኛው ላይ ግን፣ ታጥቦም እንኳ፣ መሣሪያው ሊቆጥረው ከሚችለው በላይ ሆነ።»

ጥጥ ሁለት እጁን ፊቱ ዘርግቶ ያያቸው ነበር፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

«ምስጢሬን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ» አለ። «ደሜን የሚለኩልኝ ራሳቸው ናቸው። ሚስቴ እንኳ የቆዳ መድኃኒት ይመስላታል። ረቡዕ ጠዋት ጠርተው ነገሩኝ። አልተቆጡኝም። ‹አላወቅክም፣ እኔም አላሰብኩትም፤ ሰኞ አብረን እንናገራለን፣ አጠገብህ እቆማለሁ› አሉኝ። ‹ልጅቷን ያመከናት የእኔ እጅ ነው?› አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ሰው ሁሉ ሲያውቅ ታየኝ። ወንድ አይደለም ሲሉኝ፣ ደግሞ ልጅ ያሳጣ ሲሉኝ…»

«ሲያንኳኩ ሰምተሃል?»

«ስሜን ነበር የሚጠሩት። ሌላ የዘጋባቸው መስሏቸው፣ እንድከፍትላቸው እኔን ነበር የሚጠሩት።»

ቴክኒሻኗ ጮኸች። ሰረዝ ደግፎ አስቀመጣት።

«በደብተራቸው ስምህን አልጻፉም» አለች መርፌ። «‹የእጅ ነው› ብለው ነው ያቆሙት። ምስጢርህን ከወረቀት እንኳ ጠብቀውልህ ነበር።»

ጥጥ ራሱ ከወንበሩ ተነሣ። ፖሊሶቹ ሊወስዱት ቀረቡ፤ እጁን ለካቴና ሲዘረጋ አንዱ ፖሊስ እንዳይነካው ሸሸ፣ አፈረና መልሶ ያዘው።

ሰዎቹ መነሣት ሲጀምሩ ልጅቷ አልተነሣችም።

«ዶክተር» አለች። እስካሁን ድምፅዋን ማንም አልሰማም ነበር። «እኔ ታምሜ አልነበረም ማለት ነው?»

እናቷ ትከሻዋን ያዘቻት። ዶክተሩ ከወንበሩ ተነሣ፤ መነጽሩን አወለቀ።

«አልነበርሽም፣ ልጄ» አለ። «ሥር የሰደደ ነገር አልነበረብሽም። ብጠብቅ ኖሮ… አልጠበቅኩም።»

እሷ አላለቀሰችም። ወደ ቴክኒሻኗ ዞረች።

«የእኔ፣ የራሴ ቁጥር ስንት ነበር?»

ቴክኒሻኗ እንባዋን በጋዋኗ እጅጌ ጠረገች። «አንድ ነጥብ አንድ።»

«እሱ ጥሩ ነው?»

«በጣም ጥሩ ነው። የጤነኛ ሴት ነው።»

ልጅቷ ከቦርሳዋ የልብስ ልኬት የምትጽፍባትን ትንሽ ደብተር አወጣች፤ ቁጥሩን በጥንቃቄ ጻፈችው። ከዚያ የእናቷን ክንድ ይዛ በቀስታ ወጣች።